ባልደርስ ጌት 1፦ ከሌቭል 1 በሕይወት ለመውጣት (ጀማሪዎች ከመጠየቃችሁ በፊት እዚህ እዩ)

ታኮ_ሃያ፦

«ከካንድልኪፕ ወጣሁ፣ ተኩላ በላኝ፣ ሎድ አደረግሁ፣ አሁንም በላኝ» የሚለው ጥያቄ ስለማይቋረጥ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። የማወራው ባልደርስ ጌት ስለሚባለው የኮምፒውተር ጌም፣ ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው፤ ካንድልኪፕ ታሪኩ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ባዮዌር እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣውን የምትጫወቱም ሆናችሁ ቢምዶግ በ2012 አድሶ ያወጣውን ኢንሃንስድ ኤዲሽን፣ አገዳደሉ ያው ነው።

ብዙ ጌም እየቆየ ነው የሚከብደው። ይኼኛው ግን ገና ከደጃፉ ይገድላል፣ ከሌቭል 3 እና 4 በኋላ ይለቃል። ምክንያቱ ሕጉ ነው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ሁለተኛ እትም ላይ ሌቭል 1 ፋይተር 10 ሕይወት አለው፣ ሌባ 6፣ ሜጅ (ድግምተኛው) ደግሞ 4፤ ኮንስቲትዩሽን (የአካል ጥንካሬ ነጥብ) ካልጨመረለት በስተቀር። 4 ሕይወት ያለው ሰው አንድ ፍላጻ ሲያገኘው አበቃ። ዋናው ካራክተር ከሞተ ደግሞ ሌሎቹ አምስቱ ቢተርፉም ጌሙ አለቀ።

ታኮ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ጠላትን የመምታት ችሎታ የሚለካበትን ቁጥር፣ ሳትረዱ አትጀምሩ። ዝቅ ሲል ነው የሚሻለው። ኤሲም (ለመመታት ምን ያህል እንደምታስቸግሩ የሚለካው ቁጥር) እንደዚያው፦ 10 ማለት ምንም ያልለበሰ ሰው ነው፣ 0 ጥሩ ነው፣ ከዜሮ በታች ሲሆን ጠላት ያለቅሳል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከራስህ ታኮ ላይ የጠላትን ኤሲ ቀንስ፤ የቀረው ቁጥር ባለ 20 ፊት ዳይስ ላይ ማምጣት ያለብህ ነው። ሌቭል 1 ላይ የሁሉም መነሻ ታኮ 20 ነው። ኤሲው 5 የሆነ ጠላት ከገጠመህ 15 እና ከዚያ በላይ ማምጣት አለብህ፣ ይህ ማለት 30 በመቶ ነው። ከአስር ምትህ ሰባቱ አየር ይመታል። «ፋይተሬ ለምን አይመታም» የምትሉት ለዚህ ነው፤ ጌሙ አልተበላሸም።

ስለዚህ ሌቭል 1 ላይ የምታሸንፉት ጠንክራችሁ በመምታት አይደለም። ጠላት ዳይስ የሚጥልበትን አጋጣሚ በማሳጣት ነው፦ ከሩቅ በመግደል፣ በማስተኛት፣ የማይቻለውን አይቶ ዞር በማለት። ከዚህ በታች የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ሁለት ነገር አሁኑኑ አስተካክሉ። አንደኛ፣ ኦፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ኦቶ ፓውዝ ላይ «ጠላት ሲታይ»፣ «ሰው ሲቆስል» እና «ኢላማ ሲሞት» የሚሉትን አብሩ። ስፔስ ባር ጌሙን ያቆማል፣ ቆሞም ትእዛዝ መስጠት ይቻላል። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ውስጥ ለስድስት ሰው ትእዛዝ በሩጫ ለመስጠት አትሞክሩ። ሁለተኛ፣ የሜጃችሁን ስክሪፕት አጥፉት። ካላጠፋችሁት ዱላውን ይዞ በራሱ ፈቃድ ወደ ተኩላ ይሮጣል።

ኪው ስትጫኑ ሴቭ ይሆናል። በእሱ ብቻ አትተማመኑ፤ ስም የሰጣችሁት ሌላ ሴቭ በየከተማው ይኑራችሁ። ኪው የተጫናችሁት ልክ ፍላጻው አየር ላይ እያለ ከሆነ መመለሻ የላችሁም።

አዲስ_ገቢ፦

እናመሰግናለን ታኮ። ሜጅ ልጀምር አስቤ ነበር፣ 4 ሕይወት ሲባል ፈራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማን ቢሆን ይሻላል? ነጥቦቹንስ እንዴት ላከፋፍል? ሪሮል የሚለውን እስከ ስንት ልጫን?

ቀስተኛዋ፦

ፋይተር ሁን፣ ቀስት ያዝ፣ አለቀ። የሚቀጥለው ማብራሪያው ነው።

ኢንሃንስዱ ላይ ሪሮል (ነጥቦቹን እንደገና የሚጥለውን) ስትጫን ጠቅላላው ከ75 በታች አይወርድም። 85 አካባቢ ከመጣልህ ስቶር በልና ያዘው፤ 90ን ፍለጋ ጣትህን አትጨርስ፣ ልዩነቱ ይሄን ያህል አይደለም። ጠቅላላውን ካገኘህ በኋላ ከአንዱ ቀንሰህ ለሌላው መስጠት ስለምትችል ዋናው ድምሩ ነው። ስትሬንግዝ (ጉልበት) ግን ለብቻው ነው፦ ፋይተር 18 ሲሆን ከጎኑ በመቶ የሚቆጠር ሌላ ቁጥር ይመጣለታል። ባዶ 18 ለመምታት 1፣ ለጉዳት 2 ይጨምራል። 18/00 ከሆነ ግን ለመምታት 3፣ ለጉዳት 6። መሐል ላይ ያሉት እንደየደረጃቸው ናቸው።

ዴክስተሪቲን (ቅልጥፍናን) 18 አድርገው፣ ክርክር የለውም። ኤሲህን በ4 ያሻሽላል፣ በቀስት ስትመታ ደግሞ 2 ይጨምርልሃል። 15 ላይ የኤሲው ጥቅም 1 ብቻ ነው፣ 16 ላይ 2፣ 17 ላይ 3፤ እያንዳንዷ ነጥብ ዋጋ አላት። ኮንስቲትዩሽን ለፋይተር 18 ሲሆን በየሌቭሉ 4 ሕይወት ይጨምራል። ፋይተር ላልሆነ ሰው ግን ከ16 በላይ መጫን ብክነት ነው፣ 16 ላይም 18 ላይም የሚያገኘው 2 ነው። ብዙ ጀማሪ ሜጁ ላይ 18 ኮንስቲትዩሽን ያባክናል። ለፋይተር ዊዝደምንና ኢንተለጀንስን ቀንሰህ ወደ ሌላው አዙር። ካሪዝማን ሙሉ በሙሉ አትግደለው፤ ከቡድኑ ፊት የቆመው ሰው ካሪዝማ የሱቅ ዋጋንና የሰዎችን አቀባበል ይነካል።

አሁን ስሌቱን እንየው። ፋይተር፣ ዴክስተሪቲ 18፣ ሎንግ ቦው፣ ቀስት ላይ ሁለት የሙያ ነጥብ። ከታኮ 20 ላይ በዴክስተሪቲ 2፣ በቀስቱ 1፣ በሙያው 1 ሲነሳ 16 ይሆናል። ያ ኤሲ 5 የሆነ ጠላት ላይ አሁን 11 ብቻ ይበቃሃል፣ ማለትም ግማሽ በግማሽ። ቀስት ደግሞ በዙር ሁለቴ ይወረውራል። ሰይፍ የያዘው በ30 በመቶ አንዴ ይሞክራል፣ አንተ በ50 በመቶ ሁለቴ። ያውም ጠላት ሳይደርስብህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ኦሪጅናሉ ላይ ረጅሙም አጭሩም ቀስት «ቦው» በሚል አንድ ሙያ ስር ናቸው። ኢንሃንስዱ ላይ ለየብቻ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱን መርጠህ ሁለቱንም ነጥብ እሱ ላይ አድርግ።

ዝምተኛ_ሜጅ፦

ቀስተኛዋ ያለችው ልክ ነው፣ ግን ሜጅን እንዲህ አትጣሉት እንጂ። ሌቭል 1 ላይ በጌሙ ውስጥ ከሁሉ የሚበረታው መሣሪያ ሰይፍም ቀስትም አይደለም፤ ስሊፕ የሚባለው የአንደኛ ደረጃ ድግምት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ትጥለዋለህ፣ እዚያ አካባቢ ያሉ ደካማ ጠላቶች ድግምትን የመቋቋም ዳይስ ይጥላሉ፣ ያውም በ3 ቅናሽ። ያላለፉት ይተኛሉ። የተኛን ጠላት መምታት አይሳትም፤ ታኮ የሚባል ነገር የለም፣ በየዙሩ ይመታል። ሲመታም አይነቃም። ቆይታው በሌቭል አምስት ዙር ነው፣ ሌቭል 1 ላይ 30 ሰከንድ ማለት ነው። በ30 ሰከንድ ውስጥ አራት ሰው አንድ የጊበርሊንግ መንጋ አጽድቶ ይጨርሳል።

የማይሠራበትን እወቁ፦ ሙታን ላይ አይሠራም፤ አጽምና ዞምቢ አይተኛም። ኤልፎች 90 በመቶ ይቋቋሙታል። ሂት ዳይሱ (የጥንካሬ ደረጃው) 5 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ጨርሶ አይነካውም፣ ስለዚህ ጌሙ መሐል ላይ ሲደርስ ዋጋው ይወርዳል። ኦገርን ግን መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ጀማሪን የሚገድለው ኦገር ስለሆነ ይህ ብቻ ይበቃዋል።

ችግሩ ተራ ሜጅ ሌቭል 1 ላይ አንድ ድግምት ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ የትምህርት ዘርፍ የመረጠ ስፔሻሊስት ሁለት ይይዛል። ስፔሻሊስት ከሆንክ የሚከለከልህን ዘርፍ አስቀድመህ አንብብ፤ ስሊፕ ራሱ ኢንቻንትመንት ውስጥ ነው፣ ይህንን የሚያሳጣህን አትምረጥ።

ጥቅልል ስታገኝ ወደ መጽሐፍህ ከመገልበጥህ በፊት ሴቭ አድርግ። ኢንተለጀንስህ 18 ቢሆንም የመሳካት ዕድሉ 85 በመቶ ነው፣ ካልተሳካ ጥቅልሉ ይጠፋል።

ሌላ ደግሞ፦ ኢሞየን ከካንድልኪፕ ደጅ ስትቀላቀልህ ዕቃዋ ውስጥ የማጂክ ሚሳይል በትር አለ። እሷ ሌባ ስለሆነች አትጠቀምበትም፣ ብዙ ሰው እዚያው ይረሳዋል። ሜጅ ከሆንክ ራስህ ያዘው። ፋይተር ከሆንክ ቡድንህ ውስጥ ላለ ሜጅ ስጠው።

ሌሊት_ወፍ፦

ጥሩ። እስከ ፍሬንድሊ አርም ኢን መኝታ ቤት በሰላም ደረስኩ እንበል። ደረጃው ላይ ያለው ታርኔሽ የሚባል ገዳይ ሜጅ ግን አያሳልፍም። አናግሮኝ ወዲያው ምስሉን ያበዛል፣ ከዚያ ሰዎቼ እየጮኹ ይበተናሉ፣ ከዚያ እሞታለሁ። ስሊፕ የሚይዝ ሜጅ የለኝም።

ታኮ_ሃያ፦

ታርኔሽ የጌሙ የመጀመሪያ ፈተና ነው። የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድግምተኛን በዝምታ ድግምቱን እንዲጨርስ አትተወው።

ድግምት እየደገመ ያለ ሰው ጉዳት ከደረሰበት ድግምቱ ይከሽፋል። ለአንተም ለእሱም የሚሠራ ሕግ ነው። ታርኔሽ ከሚያደርጋቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሚረር ኢሜጅ ነው። ያ ካለፈለት ምትህ ምስሎቹ ላይ ይባክናል፣ እያንዳንዱ ምት አንድ ምስል ነው የሚያጠፋው። ቀጥሎ ሆረር ይመጣል፣ ሰዎችህ የሚበተኑት በእሱ ነው። ማጂክ ሚሳይል ደግሞ አይሳትም፣ ሌቭል 1 ሜጅን ብቻውን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ደረጃው ጋ ከመድረስህ በፊት ቁም። ኢሞየንና ሌላ ማንኛውም ቀስት ወይም ወንጭፍ የያዘ ሰው ከአንተ ራቅ ብሎ፣ ደረጃው በሚታይበት ቦታ፣ ተበታትኖ ይቁም። አንድ ላይ አታስቀምጣቸው፤ ሆረር የሚይዘው አንድ አካባቢ ያሉትን ነው። አሁን አንተ ብቻህን ሂድ። እሱ ራሱ ይመጣና ያናግርሃል። ንግግሩ እንዳለቀ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ስፔስ ባር። ሁሉም ሰው እሱ ላይ እንዲወረውር እዘዝ፣ ከዚያ ፓውዙን ልቀቅ። የመጀመሪያዋ ፍላጻ ድግምቱ ሳያልቅ ካገኘችው ግማሹ ሥራ አለቀ። ካመለጠችው ሁሉም ወርዋሪ በየዙሩ ምስል ያጥፋ፤ ሰይፍ የያዘውም ገብቶ ይምታ። ምስል የሚጠፋው በምት ብዛት ስለሆነ በዙር ሁለቴ የሚወረውር ቀስት እዚህ ከትልቅ ሰይፍ ይበልጣል።

ካራክተርህ ሜጅ ከሆነ የኢሞየንን በትር በመጀመሪያው ቅጽበት ተጠቀም። ሚሳይል አይሳትም፣ ድግምቱን ያከሽፋል።

ከሞተ በኋላ ኪሱን ፈትሽ። አንተን ለገደለ ገንዘብ እንደሚከፈል የሚናገር ወረቀት ታገኛለህ። ትርጉሙን ልብ በል፦ ከዚህ በኋላ በየከተማው መኝታ ቤት አንድ ገዳይ አለ። ቤሬጎስት ውስጥ ሬድ ሺፍ መኝታ ቤት ካርላት የሚባል ድንክ ይጠብቅሃል፣ ናሽኬል መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ኔይራ። ስለዚህ መኝታ ቤት ስትገባ ቆስለህና ድግምት ጨርሰህ አትግባ።

የድሮ_ሲዲ፦

ታኮ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለ። ታርኔሽ ጋ ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ ለምን ትሄዳላችሁ? አሳዳጊያችሁ ጎሪየን ከሞተ በኋላ መንገዱ ላይ ሞንታሮንና ዛር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያገኟችኋል። ክፉዎች ናቸው፣ ንግግራቸውም ያስጠላል፣ ግን አንዱ ፋይተርና ሌባ ነው፣ ሌላው ኔክሮማንሰር ነው። ውሰዷቸው! አራት ሰው ከሁለት ይሻላል፣ የበትሩን ባለቤትም አገኛችሁ፣ ዛር ሜጅ ነውና።

ፍሬንድሊ አርም ውስጥ ካሊድንና ጃሂራን ካገኛችሁ በኋላ ማቆየት አትችሉም ማለት ይቻላል። ጠባያቸው አይገጥምም፣ ሲቆዩ ይጣላሉ። የምታሰናብቷቸው ከሆነ መጀመሪያ ዕቃቸውን ውሰዱ። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፦ አንዱን ስታስወጡ ሌላውም ይሄዳል። ካሊድና ጃሂራም እንዲሁ፣ ሚንስክና ዳይናሂርም እንዲሁ። ማንንም ከማስወጣታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ቀስተኛዋ፦

> ውሰዷቸው! አራት ሰው ከሁለት ይሻላል

እዚህ ላይ ግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ከግድያ የሚገኘው ኤክስፒ (ሌቭል የሚያስወጣው የልምድ ነጥብ) በሰው ቁጥር ይካፈላል። ኦገር 270 ነው፤ ለሁለት 135፣ ለስድስት 45። ሌባ ሌቭል 2 የሚገባው በ1250፣ ክለሪክ (የካህን ድግምት ያለው) በ1500፣ ፋይተር በ2000፣ ሜጅ በ2500 ነው። ልታሰናብቷቸው ለወሰናችሁት ሰዎች ኤክስፒ ማካፈል ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይሁን። እስከ ታርኔሽ ድረስ፣ እሺ። ከዚያ በኋላ የምትጨርሱበትን ቡድን ቶሎ አሟሉ።

አዲስ_ገቢ፦

ከፍሬንድሊ አርም በኋላስ? ካሊድና ጃሂራ ናሽኬል እንሂድ እያሉ ይጎተጉታሉ። በቀጥታ ልሂድ ወይስ ሌላ ቦታ ልዙር? ብርም የለኝም።

የድሮ_ሲዲ፦

ናሽኬል መሄድህ አይቀርም፣ ማዕድኑ ውስጥ ግን በሌቭል 1 አትግባ። መሐል ላይ ያለችው ቤሬጎስት ለጀማሪ የተሠራች ከተማ ናት። ብዙዎቹ ሥራዎቿ በእግርና በንግግር የሚያልቁ ናቸው፣ ኤክስፒያቸው ደግሞ ኮቦልድ ከመግደል በብዙ ይበልጣል። ኮቦልድ 7 ኤክስፒ ነው፣ ስድስት ሰው ሲካፈለው ምን ይቀራል!

ለምሳሌ ቤሬጎስት ውስጥ ሚሪያን የምትባል ሴት ስለ ባሏ ትጨነቃለች። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ካርታ ላይ ኦግሪሎኖች አሉ፣ ደብዳቤው ከአንዱ ሬሳ ላይ ይገኛል። ለሴትዮዋ ስትሰጧት የምትሰጣችሁ ሪንግ ኦፍ ፕሮቴክሽን ነው። በዚህ ሰዓት ኤሲን የሚያሻሽል ቀለበት ከማንኛውም ሰይፍ በላይ ነው። ኦግሪሎኖቹ ግን ቀላል አይደሉም፣ እያባረሯችሁ በሩጫ ግደሏቸው።

በሩጫ ስል ይህን ማለቴ ነው፦ ጠላት አንድ ሰው መርጦ ሲከተል የተመረጠው ሰው አይዋጋም፣ በክብ ይሮጣል። ሌሎቹ በቀስት ይወረውራሉ። ጠላት ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ አሁን የሚሮጠው ያ ሰው ነው። አሰልቺ ነው፣ ኩራትም የለበትም፣ ይሠራል።

ገንዘብ ካልከኝ፣ ቤሬጎስት ምስራቅ ያለው ቤተ መቅደስ ኬልዳዝ የሚባለው ካህን ባሲለስ የሚባለውን እብድ ክለሪክ ለገደለ 5000 ወርቅ ይከፍላል። ባሲለስ በአጽምና በሙታን የተከበበ ነው። ሰይፍ መዝዞ መግባት ሞኝነት ነው። አናግሩት። ሙታኑን ዘመዶቹ ናቸው ብሎ ያምናል፣ እናንተንም ያሳስታል። አብራችሁት ከተጫወታችሁና ምርጫዎቹን በጥንቃቄ ካስኬዳችሁ ያቆማቸው ሙታን ይፈርሳሉ፣ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ የታርኔሽን ሕግ ተከተሉ፦ በየዙሩ ፍላጻ። ሆልድ ፐርሰን እንዲጨርስ ከተዋችሁት ግን የቆመ ሰው እንደ ሐውልት ቆሞ ይቀራል፣ መከራችሁን ታያላችሁ። ምልክቱን ሬሳው ላይ ወስዳችሁ ለካህኑ አስረክቡ።

ናሽኬል ስትደርሱ ወደ እህል ማሳው ግቡና ማውሱን ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። አንድ ነጥብ ላይ ቅርጹ ይቀየራል። እዚያ የተቀበረው የአንኬግ ጥሩር ነው፣ ኤሲ 1። ምንም ውጊያ የለውም፣ ማንም አይቆጣም። ለፊት ፋይተራችሁ አልብሱት፣ ጌሙ የተለየ ጌም ይሆናል።

የማትሄዱበትን ደግሞ ስሙኝ። ሜዳ ላይ ድንጋይ የሆኑ ሰዎች ተበታትነው ካያችሁ የሙታሚን አትክልት ስፍራ ነው፣ ባሲሊስክ አለ። ዓይኑ ሰው ወደ ድንጋይ ይለውጣል፣ ዋናው ካራክተር ድንጋይ ከሆነ ጌሙ አለቀ። ትንሹ 1400፣ ትልቁ 7000 ኤክስፒ ስላለው ጎበዞች በመከላከያ ጥቅልል ወይም በመድኃኒት ይገባሉ። አዲስ ሰው ግን ተመለስ። ክሎክውድ ጫካም ገና ነው፣ ሸረሪቶቹ መርዘኞች ናቸው፣ በዚህ ጌም መርዝ በሰከንዶች ይጨርሳል።

ሌሊት_ወፍ፦

ታርኔሽን ገደልኩት፣ ተባረኩ። አሁን ደግሞ የካሊድ ሰይፍ በውጊያ መሐል ተሰበረ። አሁን በቡጢ ነው የሚማታው። ባግ ነው?

ታኮ_ሃያ፦

ባግ አይደለም፣ የታሪኩ አካል ነው። የብረት ቀውስ አለ፣ ማዕድኑ ተበክሏል፣ ስለዚህ ያልተደገመበት ብረት መሣሪያ ሁሉ የመሰበር ዕድል አለው። ለእያንዳንዱ ሰይፈኛ አንድ ትርፍ ሰይፍ ሁለተኛው የመሣሪያ ቦታ ላይ አስቀምጥ። ቀስትና ወንጭፍ አይሰበሩም። ድግምት ያለው መሣሪያ፣ +1 እንኳ ቢሆን፣ አይሰበርም፤ ሌቭል 1 ላይ +1 ሰይፍ ያገኘ ሰው ዋናው ጥቅሙ ይኼ ነው።

ስለ ድግምት ዕቃ ካነሳን፦ ያልታወቀ ዕቃ፣ ሰማያዊ የሆነው፣ ዝም ብላችሁ አትልበሱ። የተረገመ ከሆነ ራሱን አያወልቅላችሁም። ሱቅ ወይም ቤተ መቅደስ ገንዘብ ከፍላችሁ አስለዩት፣ ወይም ሜጃችሁ አይደንቲፋይ የሚባለውን ዕቃ የሚለይ ድግምት ይያዝ።

አዲስ_ገቢ፦

እሺ ማዕድኑ። ሌቭል 2 ሁለት ሰው፣ ሌሎቹ ሌቭል 1 አሉኝ። ሚንስክም ናሽኬል ላይ ተቀላቀለኝ። ልግባ?

ዝምተኛ_ሜጅ፦

ሁሉም ሌቭል 2 ሲሆኑ ግባ። ሚንስክን ከያዝክ ደግሞ ሰዓት እየሄደብህ ነው፦ ዳይናሂርን ከኖል ምሽግ ካላወጣህለት ይቆጣል፣ ቁጣውም በአንተ ላይ ነው። እሷ ሜጅ ስለሆነች ቀድሞ እሷን ማምጣት ከማዕድኑም በፊት ያዋጣል። ከኖሎች ጋር ደግሞ ስሊፕ ጥሩ ይግባባል።

ማዕድኑ አራት ፎቅ ነው። ኮቦልዶቹ አንድ በአንድ ምንም አይደሉም፣ ችግሩ ቦታው ነው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ስድስት ሰው በሰልፍ ሲገባ የፊቱ ይዋጋል፣ የኋላው ይጋፋል፣ መሐል ያለው ደግሞ መንገድ አጣሁ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ በሌላ ዋሻ ይጠፋል። ሰዎቻችሁን ትንንሽ እርምጃ እያስኬዳችሁ፣ በየመታጠፊያው እያቆማችሁ ሂዱ። አንድ ፋይተር ከፊት፣ ሌላው ሁሉ በቀስት።

ወደ ታች ስትወርዱ ወጥመድ አለ። ሌባችሁ የወጥመድ ፍለጋ ቁልፉን ተጭኖ ከፊት ይሂድ፣ ግን ቀስ ብሎ። ፍለጋው በየዙሩ ነው የሚሠራው፤ ሌባው ከሮጠ ወጥመዱን ከማየቱ በፊት ይረግጠዋል። «አብርቼው ነበር እኮ» የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው። ውጊያ ሲጀመር ፍለጋው ስለሚጠፋ ከውጊያ በኋላ እንደገና አብሩት።

ኮማንዶ የሚባሉት ኮቦልዶች የእሳት ፍላጻ ይወረውራሉ። ከሩቅ፣ ከጨለማ። ሜጅና ሌባ የሚሞቱት እነሱ ላይ ነው። ስሊፕን ለእነሱ አስቀምጡ፣ ላይ ላሉት ተራ ኮቦልዶች አታባክኑ። ሲሞቱ የተረፈውን የእሳት ፍላጻ ሰብስቡ፤ እስከ ታች ድረስ አትጠቀሙበት፣ ታች ያለው አለቃ ሙላሄ ላይ ያስፈልጋችኋል።

ቀስተኛዋ፦

ማዕድኑ ውስጥ ስለ መተኛት ልጨምር፣ ማንም አላነሳውም። ዋሻ ውስጥ መተኛት ይቻላል፣ ግን ተኝታችሁ ሳለ ኮቦልዶች ሊመጡባችሁ ይችላሉ። ከመተኛታችሁ በፊት ሴቭ። የተረፈ የፈውስ ድግምት ካለ ሁሉንም በቁስለኞች ላይ ጨርሱና ከዚያ ተኙ፣ ስትነሱ ተመልሶ ይሞላል። ድግምቱን ሳይጠቀም የሚተኛ ክለሪክ ነጻ ሕይወት እየጣለ ነው። በጣም ከተጎዳችሁ ግን ወጥታችሁ ናሽኬል መኝታ ቤት ተኙ፣ ኔይራን ከጨረሳችኋት። ማዕድኑ የትም አይሄድም።

አዲስ_ገቢ፦

ሙላሄ ጋ ደረስኩ። ያናግረኛል፣ ከዚያ ክፍሉ በአጽምና በኮቦልድ ይሞላል። ስሊፕ ጣልኩ፣ አጽሞቹ ምንም አልሆኑም።

ዝምተኛ_ሜጅ፦

ሙታን አይተኙም ብዬ ነበር፣ ከላይ ይመልከቱልን 🙂

እንዲህ አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ተኝታችሁ ሙሉ ሁኑ። ስትገቡ ስድስቱንም በአንድ ላይ አትጠጉት። አንድ ሰው፣ ጥሩሩ የጠነከረው፣ ሙላሄን ያናግር። ሌሎቹ በሩ አካባቢ ሆነው ሁሉም ቀስት ይያዙ፣ የእሳት ፍላጻውን ጫኑ። ንግግሩ እንዳለቀ ስፔስ፣ ሁሉም ሙላሄ ላይ ብቻ። ኮቦልድና አጽሙን ለአፍታ ችላ በሏቸው። ሙላሄ ክለሪክ ነው፤ በየዙሩ ከተመታ አንድም ድግምት አይጨርስም፣ ካልተመታ ግን ሰዎቻችሁን አንድ በአንድ ያስራል። ስሊፕ በኮቦልዶቹ ላይ ይውደቅ፣ ያ ግማሹን ክፍል ያጸዳል።

ከአጽሞቹ ጋር ስትጋጠሙ ፍላጻና ሰይፍ በግማሽ ነው የሚጎዳቸው፤ ዱላ፣ ሜስ ወይም መዶሻ ያለው ሰው ፊት ይውጣ። ጃሂራ ዱላ መያዝ ትችላለች፣ ለዚህ ክፍል ብላችሁ አንድ አዘጋጁላት። ፋይተራችሁ ብቻውን ከተከበበ ወደ ጠባቡ መግቢያ ይመለስ፣ እዚያ የሚመታው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

ሲያልቅ ሳጥኑን ፈትሹ፣ ደብዳቤዎቹን ውሰዱ፣ ያለ እነሱ ታሪኩ አይቀጥልም። ጎን ካለው ዋሻ ውስጥ ዛን የሚባል የታሰረ ሜጅ አለ፤ ኤልፍ ነው፣ ኢንቻንተር ነው፣ ሁልጊዜ ያለቅሳል። ሜጅ የጎደላችሁ ከሆነ ውሰዱት።

አዲስ_ገቢ፦

ሙላሄ ሞተ!! ሁለት ሰው ወድቆብኛል፣ አንድ ድግምት የለም፣ ወደ ናሽኬል መኝታ ቤት እየሮጥኩ ነው።

ታኮ_ሃያ፦

ቁም። ከተማ ከመግባትህ በፊት ሴቭ አድርግና ሜዳ ላይ ተኛ። ሙላሄ ከሞተ በኋላ ናሽኬል መኝታ ቤት ፊት ለፊት ኒምቡል የሚባል ሌላ ገዳይ ይጠብቅሃል፣ እሱም ሚረር ኢሜጅ አለው። የወደቁትን ይዘህ እንዳትጠጋው፤ የወደቀ ሰው የሚነሳው በቤተ መቅደስ ነው፣ ናሽኬልም አለ፣ ከመኝታ ቤቱ ርቀህ በሌላው በኩል ዞረህ ግባ።